አንድ ደም

የኸሊልን አስከሬን ያገኙት የሚሬ ፍየሎች ናቸው።

አዲጋላ ያለው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ባቡር ካየ ዘመን ሆኖታል። ሐዲዱን አሸዋ ውጦታል፤ የቢሮው ጣሪያ ተነቃቅሎ አልቋል። በድንጋይ የተሠራው የዕቃ ማከማቻ ግን አሁንም ጥላ ስላለው ፍየሎቹ ቀትር ላይ እየተጋፉ ይገቡበታል። ያን ሰኞ ደጃፉ ድረስ ሄደው ቆሙ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሚሬ በአርጩሜ ብትነዳቸውም አንዷም እግሯን አላነሳችም። ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ውስጥ ያያሉ። ሚሬ አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነበር።

ኢንስፔክተር እናትአለም ለሌላ ጉዳይ ከጅግጅጋ ሽንሌ መጥታ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ደልደል ያለች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ቢሆንም በሶማሌ ክልል ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሶማልኛ ትሰማለች፤ ለመናገር ግን ታፍራለች። አብሯት ያለው ሳጅን ዐብዲሓኪም የሽንሌ ልጅ ነው። ሟቹን ገና እንዳየ ለየው።

«ኸሊል ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ። ጅግጅጋ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት አክስቱን ኢስተሂልን ሊቀብር እዚህ መጥቶ ነበር።»

ኸሊል ከኋላው ጭንቅላቱን ተመትቷል። አጠገቡ የወደቀው የሐዲድ ብረት ቁራጭ ደም ደርቆበታል። የሰውነቱ ሁኔታ ከሞተ ቢያንስ አንድ ቀን ተኩል እንዳለፈው ይናገራል። ቦርሳው አልተነካም፤ ሰዓቱም እጁ ላይ ነው። እናትአለም ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ኪስ ልትፈትሽ ስትል ከሟቹ ደረት ላይ ድምፅ ተሰማ።

ሳጅኑ ወደ ኋላ ዘለለ። «አዑዙ ቢላህ!»

ስልክ ነበር። እናትአለም በጓንቷ አወጣችው። ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። በተቆለፈው ስክሪን ላይ መልእክት ይነበባል፦ «ውድ ኸሊል፣ የደም ምርመራ ውጤትዎ ደርሷል። ይህን በመንካት ይመልከቱ።»

ከመልእክቱ ሥር ያለውን ሊንክ በራሷ ስልክ ላይ ጻፈችው። ጅግጅጋ ያለ የአንድ የግል ላቦራቶሪ ገጽ ተከፈተ። የኸሊል ስም አለ፤ ዕድሜው አለ። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የደም መጠን፣ ሁሉም ፊት ለፊቱ «ጤናማ» የሚል ተጽፎበታል። ከታች «ውጤቱን ያረጋገጠው፦ መልአክ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ» ይላል።

ከላይ ያለውን ቀን ስታነብ ግን ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«ሳጅን፣ ዛሬ ሰኞ ነው አይደል?»

«ሰኞ ነው።»

«ናሙና የተወሰደበት ቀን ዛሬ ይላል። ዛሬ ጠዋት ደም ሰጥቷል።»

ሁለቱም መሬት ላይ የተዘረጋውን ሰው አዩ። ዐብዲሓኪም በሹክሹክታ ቁርኣን መቅራት ጀመረ።

ሚሬ ቃሏን የሰጠችው ሻይ ማፍያዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሳጅኑ ያስተረጉማል። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ከጣቢያው ጀርባ ቆሟል። አንድ ሰው ወረደ። ፊቱን ከአቧራው በሻል ሸፍኖ ስለነበር መልኩን አላየችም። አማርኛ ይናገራል። ቆይቶ ሲመለስ ውሃ ጠየቃት።

«ለመጠጥ ያለኝ መስሎኝ ሙሉ ጀሪካን ሰጠሁት» አለች ሚሬ፤ እስካሁን ንዴቱ አልወጣላትም። «እዚህ አገር ውሃ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ! እስከ ክርኑ ታጠበበት። ጨረሰብኝ።»

«እስከ ክርኑ?» ሳጅኑ ወደ እናትአለም ዞረ። «ውዱእ አድርጓል ማለት ነው። የሶላት ሰዓት ነበር። ሙስሊም ነው።»

እናትአለም ያለውን ጻፈችው።

*

ሽንሌ፣ የኸሊል ቤት ግቢ በሴቶች ተሞልቷል። የኸሊል ሚስት ፊርደውስ ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ጅግጅጋ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል።

«እህቴ፣ ጠላት ነበረው?» ስትል እናትአለም ጠየቀቻት።

«ኸሊል? ኸሊል ከኮምፒውተሩ በቀር ከማን ጋር ይጣላል?» ትንሽ አሰበች። «ግን አክስቱ ኤዶ ኢስተሂል ከሞተች በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። እናቱ ልጅ ሳለ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። ከቀብር መልስ ጅግጅጋ ሄዶ፣ ቆይቶ ተመለሰ። አይበላም። ብቻውን ይስቃል። ‹ፊርደውስ፣ ሁላችንም አንድ ደም ነን እኮ› ይለኛል። ሲለኝ ቆዳዬ ይሸማቀቃል።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዓርብ ዕለት ‹ነገ ከአንድ ሰው ጋር አዲጋላ እገናኛለሁ፤ መቃብሯን አሳየዋለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው ‹በራሱ አፍ እስኪናገር ስሙን አላነሳበትም› አለ።»

ከግቢው ሲወጡ የሳጅኑ ፊት በርቷል። «ኢንስፔክተር፣ ገባኝ። የአጎቱ ልጅ በግጦሽ መሬት ከሌላ ጎሳ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ነበር። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሲቀመጡ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ‹አንድ ደም ነን›። ኸሊል ሊያስታርቅ ገብቶ ነው የተገደለው።»

ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ሁለት ቀን ያንን ተከተሉ። የአጎቱ ልጅ ቅዳሜ ሀርሺን የከብት ገበያ እንደዋለ ግማሹ ገበያ መሰከረለት። ጠበኞቹም ከወር በፊት ታርቀው፣ ግመል አርደው አብረው በልተዋል። ጎሳው ለኸሊል ለቅሶ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እነሱ ነበሩ።

በእነዚያ ቀናት እናትአለም የኸሊልን ውጤት ደጋግማ ከፈተችው። ማክሰኞ ስትከፍተው ናሙና የተወሰደበት ቀን ማክሰኞ ይላል። ረቡዕ ስትከፍተው ረቡዕ። ኸሊል በሽንሌ መቃብር ውስጥ ተኝቶ በየቀኑ ደም ይሰጣል፤ በየቀኑም ጤናማ ነው።

ለሳጅኑ ስታሳየው ስልኳን መያዝ አልፈለገም። «ሙት የሚያናግረን ነገር ቢኖረው ነው» አለ።

«ሙት ከሆነ ጥሩ» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ነው። ጅግጅጋ እንግባ።»

*

ላቦራቶሪው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ላይ እንግዳ ተቀባይዋና ደም ቀጂዋ ሀይማኖት ተቀምጣለች፤ ፎቁ ላይ መልአክ ይሠራል። ታካሚዎች በጋቢና በሻል ተጠቅልለው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ከሀርሺን የመጡ አርብቶ አደሮች፣ የተማሪ ቤት አስተማሪዎች፣ ወታደሮች፤ ሁሉም አሉ። ሀይማኖት ደሙን ቀድታ ቱቦዎቹን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ፎቁ በምታወጣ ትንሽ ሣጥን ትልካቸዋለች። ውጤቱ በድረ ገጹ ይመጣል።

መልአክ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። የኸሊል ስም ሲነሳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ድረ ገጹን የሠራልን እሱ ነው። እንደ ወንድሜ ነበር። ሐሙስ ዕለት እዚህ መጥቶ ደም ሰጥቶ ነበር፤ መልእክቱ የተላከለት ለዚያ ነው፤ ኔትወርክ አዘግይቶት ይሆናል።»

«ቀኑ ለምን ይለዋወጣል?»

«የሶፍትዌር ችግር ይሆናል። የሚያስተካክለው እሱ ነበር፤ አሁን ማን ያስተካክለው?» ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «እስቲ እዩት። ይህ የሴቲንግ ፋይሉ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው። ምንም ልዩ ነገር የለበትም። የገጾቹን ኮድ ከፈለጋችሁም ከነመረጃው ሁሉንም በፍላሽ ልስጣችሁ።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ።» ቅዳሜ ለታካሚዎች የተላኩትን የውጤት መልእክቶች ዝርዝር አወጣላቸው። ከጠዋት እስከ ማታ በየተወሰነ ደቂቃ አንድ ውጤት ወጥቷል፤ ሁሉም ላይ «ያረጋገጠው፦ መልአክ» ይላል። ሀይማኖትም መሰከረች፦ «ቀኑን ሙሉ ከፎቅ አልወረደም። ምሳ እንኳ አልበላም። ውጤቶቹ ሲወጡ አያለሁ።»

ሳጅኑ ፍላሹን ተቀበለ። ደረጃውን ሲወርዱ ሀይማኖት ተከተለቻቸው።

«ኢንስፔክተር፣ ልናገር?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐሙስ ዕለት ኸሊል ከላቦራቶሪው ባለቤት ከአቶ አብዱልመሊክ ጋር ተጣልቷል። ‹ይሄን ቤት ዝጋው፤ ካልዘጋኸው አዘጋዋለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

አብዱልመሊክ ጎልማሳ ነጋዴ ነው። ላቦራቶሪ ከፈተ እንጂ ስለ ደም የሚያውቀው ነገር የለም። ቅዳሜ የት እንደነበር ሲጠየቅ «ድሬዳዋ» አለ።

«በምን ሄድክ?»

«በሚኒባስ። መኪናዬ ጋራዥ ነበረች።»

«ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ነጭ።»

የጋራዡ መካኒክ መኪናዋ የመጣችው ሰኞ ጠዋት መሆኑን፣ ጎማዋም በነጭ አሸዋ ተሞልቶ እንደነበር ተናገረ። ድሬዳዋ ከአዲጋላ ሩቅ አይደለም። አብዱልመሊክ ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ ላይ አብሮት የነበረ ሰው መጥራት አልቻለም፤ ብቻውን ሆቴል ተኝቶ ነበር። ሶላቱን በሰዓቱ የሚሰግድ ሰው ነው። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያስገባለት «ወላሂ ሐሙስ ዕለት ምን እያለ እንደሚጮህብኝ እንኳ አልገባኝም! ‹መልአክን ጠይቀው› ነበር ያለኝ!» እያለ ማለ።

መዝገቡ የተዘጋ መሰለ። አለቃዋ ኮማንደሩም እናትአለምን አመሰገናት። እሷ ግን ዓርብ ጠዋት ስልኳን ከፈተች። ኸሊል ዓርብም ደም ሰጥቷል።

*

ሄርሜላ በዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ የምታስተምር ወጣት ናት። ፍላሹን ተቀብላ ቢሮዋ ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች። እናትአለም ስትደርስ ወንበሯን ከስክሪኑ ራቅ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። እንዲያውም ያስፈራኛል።»

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ኮዱ ንጹህ ነው። ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ ጥሩ ልጅ ነው የጻፈው። ቀን የሚለዋውጥ መስመር የለበትም። ‹ጤናማ› የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ያንኑ ኮድ እኔ ኮምፒውተር ላይ ከነመረጃው አስነሣሁትና የኸሊልን ውጤት ጠየቅኩት። ምን እንዳለኝ ታያለሽ?»

ስክሪኑን አዞረችላት። «ውጤት አልተመዘገበም» ይላል።

«የሌላም ሰው ሞከርኩ። የሌላም። ከክረምት ወዲህ የተመዘገበ አንድም ውጤት የለም። አሁን ደግሞ እዚያ ላቦራቶሪው ገጽ ላይ እንይ።» በስልኳ ከፈተችው። ኸሊል፣ ጤናማ። ናሙና የተወሰደበት ቀን፦ ዛሬ። «አንድ ኮድ ነው። እዚህ ‹የለም› ይላል፤ እዚያ ‹ጤነኛ ነው› ይላል።»

እናትአለም ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አየቻቸው። «አንቺ የሌላ ሰው ውጤት ስትከፍቺ ቁጥሮቹን አይተሻል?»

«እንዴት?»

«የስኳሩን፣ የኩላሊቱን። እስቲ የኸሊልን አንብቢልኝ። ከዚያ የሌላውን።»

ሄርሜላ አነበበች። ሁለተኛውን ስታነብ ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ቆመች። የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፤ ቁጥሮቹ እስከ ነጥቧ አንድ ናቸው።

«ሁላችንም አንድ ደም ነን» አለች እናትአለም ለራሷ። «የጎሳ ነገር አልነበረም። እንዳለ ነው የተናገረው።»

«ግን ከየት ነው የሚመጣው? ኮዱ ውስጥ የለም እኮ! የሴቲንግ ፋይሉም ላይ…» ሄርሜላ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። «ይህን ፋይል ማን ነው የሰጣችሁ?»

«መልአክ።»

«የሰጣችሁ ዋናውን ነው። ፒኤችፒ ግን ሴቲንጉን ከዋናው ፋይል ብቻ አያነብም። ገጾቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ሌላ ትንሽ ፋይል ካለ እሱንም ያነባል፤ ከዋናው ይልቅም ያንን ይሰማል። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ ይቀራል። ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ሊተው ይችላል።»

«እንዴት ነው የሚገኘው?»

«ፋይሉን ማመን ትተን ፕሮግራሙን ራሱን መጠየቅ ነው። ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው ‹ዋናው ፋይል ላይ ምን ተጽፎልሃል?› ነው። ሁለተኛው ‹አሁን በምን እየሠራህ ነው?› ነው። መልሱ አንድ መሆን አለበት። ግን ልጠይቀው የምችለው እዚያው እሱ ያለበት ማሽን ላይ ነው።»

*

ከፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘው ሲደርሱ መልአክ ወንበር አቀረበላቸው። ሀይማኖት ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች። ሄርሜላ ሁለት መስመር የሆነች ገጽ ጻፈች። እናትአለም የምታየው ስክሪኑን አልነበረም፤ የመልአክን እጆች ነበር።

«የምጠይቀው አንድ ሴቲንግ ነው» አለች ሄርሜላ። «ማንኛውም ገጽ ከመከፈቱ በፊት አስቀድሞ የሚነበብ ሌላ ፋይል ካለ ስሙን የሚይዘው።»

ተጫነችው። ሁለት መስመር ወጣ።

ዋናው ፋይል፦ ባዶ።

አሁን የሚሠራበት፦ «ስልጠና» የሚል የፋይል ስም።

ሄርሜላ ስሙን ተከትላ ፋይሉን ከፈተችው። አጭር ነበር። የማንኛውንም ታካሚ ስምና ዕድሜ ይወስዳል፤ ቀኑን የዛሬ ያደርጋል፤ እነዚያን ቁጥሮች ይደረድራል። ከታች «ያረጋገጠው፦ መልአክ» ብሎ ጽፎ እዚያው ያበቃል። እውነተኛው ገጽ ጨርሶ አይነበብም።

«ስለዚህ ቅዳሜ…» አለች እናትአለም።

«ቅዳሜ እዚህ ማንም ባይኖር እንኳ ውጤት ይወጣል። ሕንፃው ባዶ ቢሆን ይወጣል። መልአክ ቢሞትም በስሙ እየፈረመ ይቀጥላል።»

መልአክ ከወንበሩ ተነሣ። «ሻይ ላምጣላችሁ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። በሩ ላይ ግን ዐብዲሓኪም ቆሟል።

እናትአለም ጥግ ላይ ወዳለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ሄዳ በሩን ከፈተችው። የተሰለፉ የደም ቱቦዎች ከላይ እስከ ታች ሞልተውታል። እያንዳንዱ ላይ በሀይማኖት እጅ ስም ተለጥፏል። ክዳናቸው አልተነካም። የታችኞቹ ጠቁረው እንደ ሬንጅ ሆነዋል። አጠገቡ ያለው የምርመራ ማሽን ላይ አቧራ ተኝቷል።

ሀይማኖት ደረጃው ላይ እንደቆመች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ ነኝ የቀዳሁት» አለች። «ሁሉንም እኔ ነኝ የቀዳሁት። ያለቅሱ ነበር እኮ ልጆቹ።»

እናትአለም ስልኳን አውጥታ አዲጋላ ደወለች። ሚሬ ስታነሣ ስልኩን ለሳጅኑ ሰጠችው። «ቅዳሜ የመጣው ሰውዬ ሲታጠብ አፉን ተጉመጥምጧል? ፊቱን፣ እግሩንስ ታጥቧል በላት።»

ሳጅኑ ጠየቀ። መልሱን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «የለም ትላለች። እጁን ብቻ ነው። በሳሙና፣ በየጣቱ መሃል እያሸ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ውሃው በክርኑ እስኪንጠባጠብ ቆመ።» ስልኩን ዘጋው። «ውዱእ አይደለም። ሐኪም ነው እንዲህ የሚታጠበው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት።»

«አብረን ነው የተሳሳትነው» አለች። ወደ መልአክ ዞረች። «የአብዱልመሊክን መኪና ጋራዥ ያስገባኸው አንተ ነህ። አብዱልመሊክ ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል፤ ዓርብ ቁልፉን ተቀብለህ ሰኞ ነው ያስገባኸው። ቁጭ በል።»

መልአክ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ያስጨነቀውን ነገር ያወረደ ሰው መሰለ።

«ማሽኑ የተበላሸው በክረምት ነው» አለ። «መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ብቻ ብዬ ነበር። ‹ተበላሽቷል› ብል ሰው ድሬዳዋ ድረስ ሊንከራተት ነው፤ የእኔም ስም ይጠፋል ብዬ አሰብኩ። ኸሊል ለሠልጣኞች መለማመጃ የሠራው ፋይል ነበር። ‹ገጾቹን ሳትነካ በአንድ መስመር ሴቲንግ ታበራዋለህ፣ ታጠፋዋለህ› ብሎ ያሳየኝ እሱ ነው። አበራሁት። ሰዎች ውጤታቸውን አይተው ሲስቁ አየሁ። ‹አልሐምዱሊላህ› ሲሉ፣ ‹ተመስገን› ሲሉ። መለዋወጫው ሳይመጣ ቀረ። እኔም ማጥፋት አቃተኝ።»

«ኢስተሂልስ?»

«ኩላሊቷን ነበር የታመመችው። ‹ጤናማ› አልናት። መድኃኒቷን አቆመች።» ጎንበስ አለ። «ኸሊል ከቀብር ሲመለስ ወረቀቷን ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር አስተያየው። ሐሙስ መጥቶ የራሱን ደም ሰጠ። ከዚያ ፋይሉን አገኘው። ደወለልኝ፤ አልጮኸብኝም። ‹መቃብሯ ላይ መጥተህ ቆመህ እይ። ከዚያ ለሰዎቹ ራስህ ትነግራቸዋለህ፤ እኔ ፋይሉን አልነካውም› አለኝ። ቅዳሜ ሀይማኖት ሳትገባ ወጥቼ፣ የፎቁን በር ቆልፌ ሄድኩ። መቃብሩን አሳየኝ። ወደ ጣቢያው ስንመለስ ‹ሰኞ ትነግራቸዋለህ አይደል?› ብሎ ፊቱን አዞረ። ፊቱን ባያዞር ኖሮ አልመታውም ነበር መሰለኝ።»

እናትአለም የማቀዝቀዣውን በር ዘጋችው።

«ቀኑ ለምን እንደሚለዋወጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ መልአክ። «ግን በየጠዋቱ የኸሊልን ገጽ እከፍተዋለሁ። ዛሬ ደም ሰጠ ይላል። ምናልባት አልሞተ ይሆን እላለሁ።»

*

አብዱልመሊክ በዚያው ቀን ተፈታ። ይቅርታ ስትጠይቀው «እኔን ተይኝ፤ ቤቱ የእኔ ነው፤ ሰዎቹን አድኑ» አላት። መልአክ ለፍርድ ተላልፎ ተሰጠ። ለእናትአለም የከበዳት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ተነገረ፤ በሬዲዮም በሁለት ቋንቋ ተነገረ፦ ከክረምት ወዲህ እዚያ ቤት የተመረመረ ሁሉ ውጤቱ የእሱ አይደለም።

ከድሬዳዋ የመጡ ባለሙያዎች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ድንኳን ተከሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ተሰለፈ። እናትአለም ጩኸት ጠብቃ ፖሊስ አሰማርታ ነበር። ጩኸት አልነበረም። ሰዎቹ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም፤ ከመካከላቸው ማን እንደታመመ የሚያውቅ የለም። አንዲት አሮጊት ለዐብዲሓኪም በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ምን አለች?»

«‹ታዲያ እስካሁን የያዝኩት የማን ደም ነው?› ትላለች።»

«ምን አልካት?»

«የማንም አልኳት። ሌላ ምን ልበላት!»

ከቀትር በኋላ ፊርደውስ ከሽንሌ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። እሷም ባለፈው ወር ባሏ ወደሚሠራበት ከተማ መጥታ እዚያ ቤት ተመርምራ «ጤናማ» ተብላ ነበር። እናትአለም ያለ ተራ ልታስገባት ብትፈልግ እምቢ ብላ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ እጇን ለነርሷ ዘረጋች፤ መርፌው ሊገባ ሲል ግን እጇን ሳበች።

«ይህን በእውነት ታዩታላችሁ?»

«እናየዋለን፣ እህቴ። አንቺ ፊት ነው የምናየው» አለች ነርሷ። ደሙን ቀድታ ቱቦውን ወደ ማሽኑ ወሰደችው። ፊርደውስ ተከትላት ሄዳ ማሽኑ አጠገብ ቆመች። ሊያስቀምጧት ቢሞክሩም አልተቀመጠችም። ማሽኑ ሲሽከረከር ዓይኗን አልነቀለችም።

ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አማርኛውን እየመረጠ ተናገረ። «ደምሽ በጣም አንሷል። ራስሽን የሚያዞርሽ ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡርም ነሽ፤ ታውቂ ነበር? ዛሬ እዚሁ እናስተኛሻለን። ቶሎ በመምጣትሽ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በመድኃኒት ይስተካከላል።»

እናትአለም ክፉ ነገር እንደሰማች ደንግጣ ክንዷን ያዘቻት። ፊርደውስ ግን ወረቀቱን ከዶክተሩ እጅ ወስዳ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ እየነካች አነበበችው። ኸሊል ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

«የእኔ ነው» አለች። «ይሄ እንኳ የእኔ ነው።»